አዛዡ ፕላቶ ያረፈ ሰሞን

ዘንድሮም ሐምሌ ገባና ኀምሲን የሚሉት ነፋስ የሰፈራችንን የካርቲየ አንድን አቧራ ከነፌስታሉ እያነሣ በየቤታችን ያድለው ጀመር። በዚህ ሙቀት ጅቡቲ ውስጥ ከቤቱ የሚወጣ ወይ ጫት ነጋዴ ነው ወይ አንተ ነህ ትለኛለች ልጄ ሰላም። እውነቷን ነው፤ እኔ ሐምሌ ሲገባ አርፌ አልቀመጥም። የታናሽ ወንድሜ የመስፍን ሙት ዓመት ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ዳቦ አዝዛለሁ፣ ስሙን ለመምሬ አስታውሳለሁ። ወደ አርባ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓመት ዘልዬ አላውቅም። ዘንድሮ ዳቦ ላዝዝ ስወጣ፣ ገና የየመናዊውን ዓሣ ቤት ሳላልፍ፣ ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፤ በፈረንሳይኛ፣ ረጋ ብሎ፣ «ሙሴ ኃይሉ? ሶላንዥ ነኝ። ታስታውሰኛለህ?» አለኝ። ዓሣ ቤቱ ደጃፍ ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። የባለቤቱ ልጅ የታመምኩ መስሎት ውኃ ይዞልኝ መጣ። አልታመምኩም፤ ፈርቼ ነው። ከዚህች ሴት አንድ ቀን ስልክ ይመጣል ብዬ ስፈራ ነው ያረጀሁት።

ለምን እንደፈራኋት ለመናገር ያን ዘመን ማንሣት አለብኝ፤ ያን ዘመን ካነሣሁ ደግሞ ቶሎ አልመለስም፣ ታገሡኝ። አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ እኔና መስፍን የተወለድነው እዚሁ ካርቲየ አንድ ነው። ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት፣ አማርኛ ከእናታችን፣ ሶማሊኛ ከመንገድ፣ ዐረብኛ ዓሣ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ተማርን። አፋርኛም እንችል ነበር፣ ለኳስ የሚበቃ ያህል። እኔ ወደቡ አጠገብ አንድ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ሆንኩ። ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ እለብሳለሁ፣ ሱሪዬ ከታች ሰፊ ነው፣ ጫማዬ ባለ ከፍተኛ ተረከዝ ነው። አሁን ፎቶውን ሰላም ስታይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ያኔ ግን በዚያ ጫማ ፕላስ መነሊክ አደባባይን ሳቋርጥ ዘወር ብሎ የማያይ አልነበረም። ባገት የምንለው ረጅም ዳቦ በሃያ ፍራንክ ነበር፤ ከውስጡ እንፋሎት ሳይወጣ እጅ ላይ ይደርሳል። ሲኒማው ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ አንካሳ ሰው ነበር፤ ከሰዓት በፊት ዑድ ያለበት የሶማሊ ዘፈን፣ ከሰዓት በኋላ ከባቡር ሠራተኞች የሚገዛውን የአማርኛ ዘፈን ይከፍታል። ጫቱ ሲገባ ደግሞ ከተማው በሙሉ ጥሩምባ ይሆናል፣ ዘፈንም አይሰማም። አሁን በዚያ ጥግ ስልክ ይጠግናሉ። ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል፤ ዘፈን የለም።

ጦርነቱ ከድንበሩ ወዲያ ነበር። ለእኛ የሚደርሰን በባቡር ነው፤ አንድ ቀን ባቡሩ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፣ አንድ ቀን የሸሸ ሰው። መስፍን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነው ለአክስታችን ልጅ ሠርግ ብሎ ድሬዳዋ ወጣ። ሠርጉን ሳይጨርስ አፈሳ ያዘው። የጅቡቲ ልጅ ነኝ፣ እዚያ ነው የተወለድኩት ቢል ማን ይሰማዋል፤ አማርኛው አሳበቀበት። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን። ሁለተኛው ላይ የጦሩን ቁጥር ጠቅሶ፣ ምግቡ ደኅና ነው፣ እማዬን አይዞሽ በላት ይላል። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። እናቴ ወይዘሮ አሰለፈች በባቡር ቀን ሁሉ ፎቶግራፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አሮጌው ጣቢያ ትሄዳለች። የሚወርደውን ሰው እየመረጠች «ይህን ልጅ አይተኸዋል?» ትላለች። የዛሬው ባቡር ናጋድ ነው የሚቆመው፤ መስታወት በመስታወት የሆነ ጣቢያ፣ ሰው የማይጋፋበት። እናቴ ናጋድን ብታየው ኖሮ ማንን መጠየቅ እንዳለባት ይጠፋት ነበር።

እንዲህ እያለን በዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ስሙን የማልጠራው የጦር አዛዥ ጅቡቲ ገባ ተባለ። ከማን ወገን እንደነበረ ልተወው፤ ዛሬም የሚነታረኩበት አሉ። ለዓይኑ ሕክምና ነው አሉ፣ ለድርድር ነው አሉ። ያረፈው ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ በአጭሩ ፕላቶ የምንለው ሰፈር፣ ባሕሩን በሚያየው ግቢ ነው። መስፍን የነበረበትን ጦር የገጠመው ይህ ሰው መሆኑን እኛ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ወሬውን ሰምተው ሦስት የውጭ ጋዜጠኞች መጡ። አንዷ ሶላንዥ ነች፤ ለጋዜጣም ለሬዲዮም ትሠራለች፣ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሳ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ትይዛለች። አንዱ ቀጭን ፎቶ አንሺ፣ ሌላው ወፍራም እንግሊዝ ነው። አማርኛና ፈረንሳይኛ እኩል የሚችል ሰው ሲያፈላልጉ የሆቴሉ አስተናጋጅ ወደኔ ጠቆማቸው። ቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም። ያን ሰው በዓይኔ አይቼ ስለ ወንድሜ ልጠይቀው ነበር፤ ይህንንም ለእናቴም ለሶላንዥም አልተናገርኩም።

ሦስት ቀን ዛሬ ነገ ሲሉን ቆይተው በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ አስገቡን። እኔ የጠበቅኩት ግዙፍ፣ ጢማም፣ ሲራመድ ወለል የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። የተቀመጠው አጠር ያለ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሸራ ጫማውን ያለ ካልሲ ያጠለቀ ሰው ነው። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ቬንቲላተሩ ሲዞር ጆሮ መጣል ያስፈልጋል። አጠገቡ የቆመውን ወጣት አጃቢ ልኮ ሻይ አስመጣልን፤ ለእኔም፤ አስተርጓሚን አይቶ ሻይ የሚያዝዝ ሰው ብዙ አይደለም። ሶላንዥ ካሴት መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጥያቄዋን ጀመረች። ስለ ጦሩ፣ ስለ ድርድሩ፣ ስለ ርሃቡ ጠየቀች። ያለ ማጋነን በደንብ ነው ያስተረጎምኩት። ከዚያ፣ «ምርኮኞቻችሁን ምን ልታደርጓቸው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄውን አላስተላለፍኩም። ወደ ሰውየው ዞሬ የራሴን ጥያቄ ጠየቅኩ። ወንድም አለኝ፣ መስፍን ይባላል፣ በዚህ ቁጥር ጦር ውስጥ ነበር፣ ከምርኮኞቹ መካከል ይኖር ይሆን፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ አልኩት። አዛዡ በአንድ ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ። «ከዚያ ጦር የተረፈ ብዙ የለም። የሞተውን ቀብረናል» አለ። ሻዩን አነሣ። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሶላንዥን አየሁ፤ እርሳሷን ይዛ መልሷን እየጠበቀች ነው። ሰውየው ስለ ምርኮኞች ምን አለ ልበላት? ፈረንሳይኛው ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ «አዛዡ ምርኮኞች ወንድሞቻችን ናቸው፣ ለአዲስ ዓመት ወደየቤታቸው እንሸኛቸዋለን ይላሉ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አወረድኩት። እርሷም ዓይኗ በርቶ ጻፈችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቤት ገብቼ ምንም አላልኩም። እንዴት አድርጌ ብዬ? በእኛ ወግ መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ማለዳ ባለቤቱ ከመኝታው ሳይነሣ ይኬዳል። አንድ ቀን ልቆይ፣ ሁለት ቀን ልቆይ ስል በአምስተኛው ቀን፣ ከሥራ ስመለስ፣ ከግቢያችን እልልታ ሰማሁ። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ተሰብስበዋል። ሬዲዮው ቡፌው ላይ ተቀምጧል። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ኃይልዬ፣ አልሰማህም? ምርኮኞቹን ለአዲስ ዓመት ሊፈቷቸው ነው! ያ ሰውዬ በራሱ አፍ ለፈረንጆች ተናግሯል!»

የገዛ ራሴ ቃል ነው፤ አውሮፓ ደርሶ፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ በሬዲዮ መጥቶ እናቴን እልል አሰኛት። በማግስቱ ከየመናዊው ሱቅ ለመስፍን ሰማያዊ ናይለን ሸሚዝ ገዛች። «ከስቶ ይሆናል፣ ጠበብ ያለውን ስጠኝ» ስትል አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሌሎቹም እናቶች የየልጆቻቸውን አልጋ ያነጥፉ ጀመር። አንዷ ቤቷን ቀለም አስቀባች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከዚህ በላይ አልችልም ብዬ፣ ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር የሠሩት ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። መስፍን መሞቱን አዛዡ ነግሮኛል አልኳቸው። የሬዲዮው ነገር የእኔ ፈጠራ መሆኑን ግን ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ እውነትም ፈጀው።

ሽማግሌዎቹ ሲነጋጋ መጡ። ጋሽ ደምሴ ገና ከበሩ ሲያጎነብሱ ለእናቴ ገባት። ወዲያው አልጮኸችም። ሽማግሌዎቹን አልፋ እኔን ነው ያየችኝ።

«አንተ ነህ የሰማኸው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ስሙን ጠርቶ ነገረህ? መስፍን ሞቷል አለህ?»

አላለም። ስሙን አልጠራም። እኔ ግን ልቧ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ እንደገና ባቡር ጣቢያ እንዳይሄድ ፈራሁ። «አዎ፣ ስሙን ጠርቶ ነው የነገረኝ» አልኳት። ያኔ ጮኸች። ድንኳን ተጣለ፣ ፍትሐት ተፈታ፣ ሰማያዊው ሸሚዝ ለድኻ ተሰጠ። እናቴ ከዚያ ወዲህ የባቡሩ ጩኸት ሲሰማ በሩን ዘግታ ትተኛ ነበር። ሰባት ዓመት ጥቁር ለብሳ ኖረች፤ በጥቁሯ ቀበርኳት። አዲስ ዓመት መጣ፣ አለፈ፤ ማንም አልተፈታም። የነዚያ እናቶች ዓይን እኔን ሲያይ ምን ያህል ይከብደኝ እንደነበር እግዜር ያውቃል። ያን አዛዥ ደግሞ ጠላሁት። ሰው ወንድሙን ሲጠይቀው ሻይ ፉት ብሎ ቀብረናል የሚል፣ አንጀት የሌለው ሰው ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ረገምኩት። ጦርነቱ አልቆ እሱም መሞቱን ስሰማ እንኳ ነፍስ ይማር አላልኩም።

እንግዲህ ሶላንዥን የምፈራው ለዚህ ነበር። ስልኩ በተደወለ ማግስት ጠዋት እሷ ወዳረፈችበት ወደ ሐራሙስ በታክሲ ሄድኩ። እኛ ልጆች ሳለን ሐራሙስ ማለት ድንጋይና ባሕር ነበር፤ ሸርጣን ልናድን ነበር የምንሄደው። አሁን የቪላው አጥር ረዝሞ ባሕሩ አይታይም። በር ላይ ያለው ዘበኛ የወሎ ልጅ ነው፤ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ የመን ለመሻገር መጥቶ ሐሳቡን ቀይሮ የቀረ ነው። ሶላንዥ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። አርጅታለች፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ አጥሯል፣ እርሳስ አይይዝም። ከመቀመጤ በፊት ተናዘዝኩ። ስለ ምርኮኞቹ ያልኩሽን ሰውየው አላለውም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ወንድሜን ልጠይቅ ብዬ ነው አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ካሴቱን ባለፈው ዓመት አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ አሰማሁት፤ ጥያቄው የአንቺ አይደለም፣ መልሱም አይገጥምም አለኝ። በዚያ ዜና ዋሾ ተብያለሁ፣ ኃይሉ። ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር። ልወቅስህ ነበር የመጣሁት።»

«ውቀሺኝ።»

«ቆይ። ልጁ አንድ ነገር አልሰማ አለው። አንተ ፈረንሳይኛውን ስትናገር ከሥር ሰውየው ይናገራል። ድምፁን ባለሙያ አጽድቶልኛል። የሰውየውን አነጋገር የምታውቀው አንተ ነህ።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ቬንቲላተሩ ይሰማል። የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። አንድ ወጣት በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወንድሙን ይጠይቃል፤ ያ እኔ ነኝ፤ ሳላስበው እንባዬ መጣ። አዛዡ፣ «ከዚያ ጦር የተረፈ ብዙ የለም። የሞተውን ቀብረናል» ይላል፤ ልክ እንደማስታውሰው ነው። ከዚያ የእኔ ፈረንሳይኛ እየተጣደፈ ይመጣል። ከፈረንሳይኛው ሥር ያ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ ይቀጥላል።

«ቁስለኞች ግን አሉ። ወደ ኋላ ወስደን እያከምናቸው ነው። ስሙን ከነአባቱ ጽፈህ ለዚህ ልጅ ስጠው፣ አስፈልግልሃለሁ። እናት አለችህ?»

ከዚያ ዝም ይላል፤ መልሴን እየጠበቀ ነው። እኔ ለአዲስ ዓመት ወደየቤታቸው እንሸኛቸዋለን እያልኩ ነው። አምስት ጊዜ አስደግሜ ሰማሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ከክፍሉ ውስጥ ያን ቃል መስማት የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም እያወራ ነበር። አስተርጓሚ ሲዋሽ የሚከፍለው ይህን መሆኑን ማን ነግሮኝ? እውነቱን የሚያስተረጉም ሰው እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ እኔ ውሸቴን ሳዘጋጅ የቀረውን ለመስማት ጆሮ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ስንወጣ፣ አዛዡ ሦስቱን ፈረንጆች ጨብጦ እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ሳይለቅ ቆየ። አጃቢው ከጎኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል። እኔ ሊያስፈርሙኝ፣ ስሜን ሊመዘግቡ መስሎኝ እጄን መንጭቄ ቶሎ ወጣሁ። ሰውየው ከኋላዬ፣ «ልጄ» ብሎ ተጣራ። ዞር አላልኩም።

ለሶላንዥ ቃል በቃል ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። «እናትህስ?» አለችኝ። ሞታለች አልኳት። ልውቀስህ አላለችም፤ እስከ በሩ ክንዴን ይዛ ሸኘችኝ።

ማታ ለሰላም ስነግራት አልቅሳ፣ ቀጥሎ እንደ ልማዷ ተከራከረችኝ። «አባዬ፣ በሕይወት ቢኖር ይጽፍ አልነበር?» አለች። ልክ ትሆናለች። ግን ደብዳቤ የሚደርሰን በቢሮዬ የፖስታ ሳጥን ነበር፤ ቢሮው ደግሞ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ እኔም የሚጽፍልኝ ሰው ሞቷል ብዬ ሳጥኑን አላስቀየርኩም። ከቁስሉ አልዳነም ይሆናል። ድኖ ሌላ ቦታ ቀርቶም ይሆናል። ማክሰኞ ከናጋድ ባቡር ለመሳፈር ትኬት ቆርጫለሁ፤ ድሬዳዋ ካሉት የአክስቴ ልጆች እጀምራለሁ። ዕድሜህን አትርሳ ትላለች ሰላም፤ ሻንጣዬን ግን እሷው ናት የምታስተካክልልኝ።

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። መምሬ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። ዳቦውን ጠብቀው ኖሮ ባዶ እጄን ሲያዩኝ ገረማቸው።

«መምሬ፣ ዘንድሮ መስፍንን ከሙታን ጋር አይጥሩብኝ» አልኳቸው።

«ምነው ጋሼ ኃይሉ፣ ምን ተገኘ?»

«የተገኘ የለም። መሞቱን የነገረኝ ሰው እንደሌለ ግን አወቅኩ።»

ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አገላበጡ። «እንግዲያው ከሕያዋን ጋር እንጥራው፤ እሱ የት እንዳለ ጌታ ያውቃል» አሉ። ከዚያ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ «ዕድሜው ስንት ሆኖ ይሆን?» አሉኝ።

ለእኔ መስፍን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እናቴ ካለቀሰችለት ቀን ጀምሮ አንድ ቀን አልጨመረም። እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ስድሳ ሁለት። በሕይወት ካለ ፀጉሩ ሸብቷል። ምናልባት ያነክሳል። ምናልባት ልጆች አሉት፣ ልጆቹም ጅቡቲ ዘመድ የለህም ወይ ብለው ይጠይቁታል። ወንድም ነበረኝ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ፈልጎኝ አያውቅም ይላቸው ይሆናል። እውነቱን ነው።